አጋዘኑን በመጋዝ አትንካው፦ የዱር ሥጋ ቤት ውስጥ ብልት ሲወጣ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ትናንት ጠዋት የገደለውን አጋዘን እንዳለ ሰጠኝ። ሆድ ዕቃው ወጥቷል፣ ቆዳው ግን አልተገፈፈም፤ አሁን ጋራዥ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። በግ ብዙ ጊዜ አርጃለሁ፣ ብልት ማውጣትም አላቅተኝም። ይኼን ግን ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። አጥንቱን በመጋዝ ልከትክተው? ለጥሬና ለክትፎስ ይሆናል? ባለቤቴ ደግሞ የዱር ሥጋ ይሸታል ብላ ከወዲሁ አፍንጫዋን ይዛለች።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ሂድና ጋራዥህ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እይ። ስለ ቢላዋው ኋላ እንነጋገራለን። ቨርጂኒያ በኖቬምበር አጋማሽ ጠዋት መኪናህን ውርጭ አልብሶ ከሰዓት በኋላ ጃኬት የሚያስወልቅ አገር ነው። ሥጋ የሚያበላሸው ያ የከሰዓቱ ሙቀት ነው። ጋራዡ ቀንም ሌሊትም ከ4 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ማለትም ከ40 ፋራናይት፣ የማያልፍ ከሆነ ቆዳው እንዳለ ሁለት ሦስት ቀን ቢሰነብት ይለሰልሳል እንጂ አይጎዳም። ካለፈ ግን ዛሬውኑ ግፈፈውና እግሮቹን ከነአጥንታቸው አውጥተህ በረዶ ያለበት ኩለር ውስጥ ክተታቸው። በረዶው ከታች፣ ሥጋው ከላይ ይሁን። ኩለሩን አዘንብለህ የውኃ መውጫውን ቡሽ ንቀልለት። ደም በተቀላቀለበት የበረዶ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ያደረ ሥጋ ገርጥቶና ጠረኑ ተለውጦ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ በኋላ ሰው «የዱር ሥጋ ይሸታል» ይላል።

ትናንት ጠዋት መገደሉ ደግ ነው። እኛ አገር በሬው ወድቆ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ይቆረጣል፣ ይበላልም፤ ያ ሥጋ ገና ስላልገተረ ነው ለጥርስ የሚመቸው። ጥቂት ሰዓት ሲቆይ የጡንቻው ጉልበት ያልቅና ግትር ብሎ ይደርቃል፤ እንደገና የሚላላው ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ነው። በዚያ መሀል ከአጥንቱ ያላቀቅኸው ሥጋ ወጥሮ የሚይዘው ስለሌለ ይኮማተራል፤ ከዚያ ወዲያ ሲጠብሱት ቢውሉ አይበገርም። ስለዚህ ኋለኛ እግሩን ይዘህ አጠፍ ዘርጋ አድርገው። እሺ ካለህ ጀምር። እንደ እንጨት ከገተረብህ እስከ ነገ ታገሠው።

አሁን ወደ መጋዙ። እኔ ሥራውን የተማርኩት አዲስ አበባ ሉካንዳ ውስጥ ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ አዳኞች የገደሉትን አምጥተው ብልት የሚያስወጡበት አንድ የሥጋ ቤት ውስጥ ብዙ የአደን ወቅት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የተሰጠችኝን አጋዘን እንደለመድኩት እንደ በሬ ሰቅዬ አከርካሪዋን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅኋት። ኮርቼ ቆሜያለሁ። ኃላፊው መጥቶ አየ፣ ምንም ሳይል ሁለቱንም ጎን አንሥቶ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጨመራቸው። ከዚያ ዞር ብሎ «ሰረሰሩን ከፈትከው እኮ» አለኝ። ያን ቀን ገብቶኛል ማለት አልችልም፤ የገባኝ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር አጋዘኖችን እያከሳ የሚገድል፣ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚሉት በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በ2009 ፍሬድሪክ ካውንቲ ተገኘ። መንስኤው ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን ነው፣ የእብድ ላም በሽታን የሚያመጣው ዓይነት። በማብሰል አይጠፋም፣ በፍሪዘርም አይሞትም። የያዘው እንስሳ ደግሞ ከስቶ እስኪንገዳገድ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ጤነኛ መስሎ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ «ወፍራም ነበር፣ ደህና ነው» ማለት አያዋጣም። እስከ ዛሬ ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም። ቢሆንም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በሽታው ባለበት አካባቢ የተገደለን አስመርምሩ፣ ከተገኘበትም አትብሉ ነው የሚለው። ፕሪዮኑ የሚጠራቀመው አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰር፣ ዓይን፣ ጣፊያ፣ የጉሮሮ እጢና ንፍፊት ውስጥ ነው። አከርካሪውን በመጋዝ ስትሰነጥቅ የሰረሰሩን ጭማቂ ከጥርሱ ጋር እየጎተትህ ሽንጡ ላይ ትቀባዋለህ ማለት ነው። በዚያ ላይ የአጥንቱ ዱቄትና የመቅኑ ስብ ሥጋው ላይ ተለጥፎ ፍሪዘር ውስጥ ይኮመጥጣል።

መጋዙን መልሰህ ስቀለው። ለአጋዘን የሚያስፈልግህ ቀጭንና ሹል፣ ምላጩ ከስንዝር የማይበልጥ ቢላዋ፣ ሞረድ፣ ገመድና ሁለት ሰፋፊ ትሪ ብቻ ነው። አንድም አጥንት ሳትቆርጥ ሙሉውን ታወጣዋለህ።

ቆዳው ላይ እንደ በግ ነው፣ ሁለት ነገር ሲቀር። አንደኛ፣ በግ ስንገፍ አንዳንዶቻችን እግሩ ላይ ቀደን በአፋችን እንደምንነፋው እዚህ አትንፋ። ሁለተኛ፣ የኋላ እግሩ መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል የጠቆረ ጠጉር ቋጠሮ ያለበትን ቦታ እይ። ያ እጢ ነው። በተለይ ወንዱ በመራቢያው ወቅት ሽንቱን የሚሸናው እዚያ ላይ ስለሆነ ጠረኑ ከጋራዥህ ሳምንት አይወጣም። በእጅህ ነክተህ ሥጋውን አትንካ። ቆዳውን ከዚያ በላይ ዙሪያውን ቅደድና ከነእጢው ይሂድ። ስትቀድ ምላጩን ከቆዳው ሥር አስገብተህ ከውስጥ ወደ ውጪ ቅደድ፤ ከውጪ ከቆረጥህ የተቆረጠው ጠጉር ሁሉ ሥጋው ላይ ይዘንባል፣ የአጋዘን ጠጉር ደግሞ እንደ ሙጫ ነው። ከታፋው ካለፍህ በኋላ ቢላዋውን አስቀምጠው፤ ቆዳውን በአንድ እጅህ ወደ ታች ጎትት፣ በሌላው ጡጫህን ግፋ።

ከዚያ ብልት። ከቋንጃው ጅማትና ከአጥንቱ መሀል ሜንጦ ገብቶ ጭንቅላቱ ወደ ታች ተሰቅሏል እንበል።

መጀመሪያ ጭቅናውን አውጣ። ከሆዱ ውስጥ፣ ከአከርካሪው ሥር ግራና ቀኝ ተለጥፈው የምታገኛቸው ሁለቱ ቀጫጭኖች ናቸው። ሆድ ዕቃው ስለወጣ ፊታቸው እየደረቀ ነው፤ ለዚህ ነው የምትቸኩልላቸው። ጫፋቸውን በቢላዋ አስነሥተህ ቀሪውን በጣትህ ልጣቸው። እነሱን ዛሬ ለራታችሁ አስቀምጣቸው ልልህ ነበር። የተውኩት መጀመሪያ መመርመር ስላለበት ነው፤ እመጣበታለሁ።

የፊት እግር ቀላል ነው። በግ ላይም ልብ ብለህ ይሆናል፣ ወርቹ ከገላው ጋር በአጥንት አልተያያዘም፤ የያዘው ሥጋ ብቻ ነው። እግሩን ወደ ውጪ ሳብ አድርገው፣ በብብቱ በኩል ነጭ ስስ ድር የመሰለ ነገር ሲወጠር ታያለህ፤ ቢላዋው እሱን እየነካካ ሲሄድ ወርቹ በክብደቱ እየወረደ ይመጣልሃል።

ሽንጡ፣ አዳኞቹ ባክስትራፕ የሚሉት፣ እኛ ሉካንዳ ዳቢትና ሽንጥ ብለን የምንከፍለው፣ ከአንገቱ ግርጌ እስከ ዳሌው በአከርካሪው ግራና ቀኝ የተዘረጋው ረጅሙ ሥጋ ነው። የአጋዘኑ ጌጥ ይኼ ነውና እጅህ አይቸኩል። የቢላዋውን ጫፍ የአከርካሪው ሹል አጥንት ጎን አስጠግተህ ከላይ ወደ ታች ሳብ። ጫፉ አጥንቱን ሲልስ ጭር ጭር የሚል ድምፅ ይሰማሃል፤ ድምፁ ከጠፋ ሥጋ እየተውህ ነው ማለት ነው። ከዚያ በጎድኑ በኩል እንዲሁ አድርግና ከላይ ጀምረህ በአንድ እጅህ ወደ ውጪ እየጠቀለልህ፣ በሌላው እየነካካህ አውርደው። ሳይቆራረጥ ወጥቶ ሲያልቅ እጅህ ላይ ከክንድህ የሚረዝም ጥቅል ይቀራል።

አንገቱን ዙሪያውን ገፍፈህ ሥጋውን ውሰድ፣ አጥንቱን ተወው። የበግ አንገት ከነአጥንቱ ቅቅል ውስጥ እንደሚገባው ይኼ አይገባም፣ ሰረሰሩ መሀሉ ነው ያለው። የጎድኑን መሀል ሥጋ ሰዎች በጣም ይለፉበታል። እኔ በግሌ የሆዱን ጠርዝ ስስ ሥጋ ለሚፈጭ እወስድና ጎድኑን እተወዋለሁ፤ ስቡ ከሥጋው ይበልጣል።

የኋላ እግር ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። እግሩን ከዳሌው ለማውጣት በውስጥ በኩል፣ በብሽሽቱ፣ እስከ አጥንቱ ድረስ ክፈትና እግሩን ወደ ውጪ ጫን በለው። ክብ ራስ ያለው አጥንት ጉድጓዱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በጣትህ ይሰማሃል። ጉድጓዱ ውስጥ አጭር ጅማት አለች፤ እሷን በቢላዋው ጫፍ ስትነካት ጧ ብላ ትለቅና አጥንቱ ይወጣል። ቀሪው የዳሌውን አጥንት እየዞሩ መቁረጥ ነው።

እግሩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመውና ለአንድ ደቂቃ ዝም ብለህ እየው። ሙሉ ታፋ አንድ ሥጋ ይመስላል እንጂ አምስት ስድስት ጡንቻ ነው፣ እያንዳንዱ በራሱ ስስ ሽፋን የተጠቀለለ። ሥጋ ቤቱ ንቅል፣ ታናሽ እያለ የሚጠራቸው እነሱን ነው፤ ስማቸው ከሠፈር ሠፈር ስለሚለያይ አልከራከርህም። በጡንቻና በጡንቻ መሀል ነጭ መስመር አለ። መስመሩ ላይ በቢላዋው ጫፍ ጥቂት ክፈትና አውራ ጣትህን አስገባ። ቦታው ልክ ከሆነ ጣትህ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ይገባል፣ ሽፋኑም ሳይቀደድ ይላቀቃል። ጉልበት ከጠየቀህ መስመሩን ስተሃል፤ አውጣና ሌላ ቦታ ፈልግ። ቢላዋው የሚያስፈልገው አጥንቱ ላይ የተጣበቀበት ጫፍና ጫፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያወጣኸው እያንዳንዱ ጡንቻ ሥሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ፣ በኋላ ለጥብስ ስትቆርጠው በትክክል ከሥሩ በተቃራኒ መቁረጥ ትችላለህ። ታፋውን ዝም ብለህ የከተከትከው ከሆነ ግን አንዱ ቁራጭ ይቀልጣል፣ ሌላው ጥርስህ ውስጥ ይቀራል።

እዚያው ታፋው ውስጥ፣ ከጉልበቱ ኋላ ከፍ ብሎ፣ በትልልቆቹ ጡንቻዎች መሀል በስብ የተጠቀለለች የወይን ፍሬ የምታክል ግራጫ ነገር ታገኛለህ። ንፍፊት ናት። ከነስቧ ሳትቆርጣት አውጥተህ ጣላት። አንዷ ደግሞ ወርቹ ፊት ለፊት፣ ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት አለች። የበግ ንፍፊት ወጥ ውስጥ ገብታ በልተናት ይሆናል፣ እዚህ ግን ሁለት ምክንያት አለህ፤ አንዱን ከላይ ነግሬሃለሁ፣ ሁለተኛው ምሬቷ ነው።

ሥጋው ከወጣ በኋላ ያንን የሚያብለጨልጭ ነጭ ሽፋን አንሣለት። ምላጩን ከሽፋኑ ሥር አስገብተህ ስለቱን በጥቂቱ ወደ ሽፋኑ አዘንብለው፤ ሽፋኑን ያዝና ወደ ራስህ ሳብ፣ ቢላዋውን ብዙ አታንቀሳቅስ። ለሚፈጨው መድከም አያስፈልግም፤ ለጥብስ ግን ካልነሣህለት እሳት ሲነካው ተኮማትሮ ሥጋውን ያጣጥፈዋል።

ጓደኛህን ሁለት ነገር ጠይቀው። የት መታው፣ በምን ጥይት? የእርሳስ ጥይት አጥንት ሲመታ ይበናል። በ2008 የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት አጋዘንን በሚተካ በግ ሬሳ ላይ ሞክሮ ከቁስሉ 45 ሴንቲ ሜትር ርቀው የሄዱ ስብርባሪዎች አገኘ። በዓይን የማይታዩ፣ በጥርስም የማይሰሙ ናቸው። ወርቹን ከሆነ የመታው፣ የጠቆረውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን በርትተህ ቁረጥና ጣል፤ ለማጠብ አትሞክር፣ ውኃው ስብርባሪውን ወደ ደህናው ይወስደዋል። ከቁስሉ አጠገብ የመጣ ሥጋ መፍጫ ውስጥ አይግባ፤ አንድ ስብርባሪ ሙሉውን ሳህን ያዳርሳል። ቤትህ ነፍሰ ጡር ወይም ትንሽ ልጅ ካለ በዚህ ላይ አትሰስት። ጥይቱ መዳብ ብቻ ከሆነ ይኼ ሁሉ ጭንቀት የለም።

ስንት ይወጣዋል ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ሆድ ዕቃው ወጥቶ 50 ኪሎ የሚመዝን አጋዘን ከአጥንት ነጻ የሆነ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሥጋ ይሰጥሃል፤ ጥይቱ ክፉ ቦታ ከመታው ከዚያም ያንሳል። በግ ስታርድ አጥንቱም ወጥ ውስጥ ስለሚገባ ያታልልሃል።

የባለቤትህን ነገር ልመልስ። ልክ ናት፣ ይሸታል፤ የሚሸተው ግን ሥጋው አይደለም። ያንን እጢ ነክቶ ሥጋ የነካ እጅ፣ የተቀደደ አንጀት፣ ሳይቀዘቅዝ የዋለ ገላ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስቡ ነው። እኛ ጮማ ወዳድ ሕዝብ ነን፣ ስብ አውጥቶ መጣል እጃችን አይሄድም። የአጋዘን ስብ ግን የበሬ ጮማ አይደለም። ቶሎ የሚረጋ ነው፤ ትኩሱን ስትጎርሰው ደህና ነው፣ ሁለተኛውን ስትጎርስ የመጀመሪያው ላንቃህ ላይ እንደ ሻማ ረግቷል። ጠረኑንም ይዞት የሚዞረው እሱ ነው። ሙልጭ አድርገህ አውጣው። ስብ ካማረህ ለሚፈጨው ከ10 እጅ አንዱን ያህል የበሬ ስብ ጨምርበት። ለጥብሱ ንጥር ቅቤ አለህ፣ ከዚህ ቀይ ሥጋ ጋር የሚስማማውን ያህል ከምንም አይስማማም።

አሁን ጥሬው። አይሆንም። ክትፎም አይሆንም፣ ለብለብም አይሆንም። ይህን የምልህ ጥሬ ጠልቼ አይደለም፤ ዕድሜዬን የኖርኩት ጥሬ ስቆርጥ ነው። ቁርጥ የምንበላው በሬ ቆሞ ታይቶ፣ ንጹሕ ቦታ ታርዶ ነው፤ እሱም ቢሆን ኮሶው እንዳለ ነው። ያንተ አጋዘን ጫካ ውስጥ ሆዱ ተከፍቶ፣ ቅጠል ላይ ተጎትቶ፣ ፒካፕ ላይ ተጭኖ ነው የመጣው። በ2010 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በክፍል ሥራቸው የአጋዘን ብልት አውጥተው ጠብሰው በሉ፤ 29 ሰው ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ታመመ። ሥጋው ጥሬውን አልቀረበም፣ በደንብ አልበሰለም እንጂ። ጥሬውን መነካካትም ራሱ መንገድ ነበር። ከዚያ ሌላ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ በአጋዘን ሥጋ ውስጥ ይገኛል፤ ለጤነኛ ሰው ጉንፋን መስሎ ያልፍ ይሆናል፣ የነፍሰ ጡር ፅንስ ላይ ግን ክፉ ነው። «ፍሪዘር ውስጥ ባቆየውስ?» ትለኝ ይሆናል። ቅዝቃዜ አንዳንዱን ጥገኛ ይገድላል፣ ኢ. ኮላይን ግን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። የተፈጨው ውስጡ 71 ዲግሪ፣ 160 ፋራናይት፣ ይድረስ። ለቁርጥራጩም ያው ቁጥር ይሁንልህ።

ክትፎ ክትፎ ያለህን አምሮት በምንቸት አብሽ ተወጣው፤ የአጋዘን ምንቸት አብሽ አንዴ የበላ ሰው የበሬውን ይተዋል ብል አላጋነንኩም። ሽንጡን በጣት ውፍረት ቁረጥና ድስቱ በደንብ ከጋለ በኋላ በየጥቂቱ ጨምር። እንደ ሰባ በሬ ጥብስ በራሱ ውኃ እንዲፈላ ከተውኸው ስብ የለውምና እንጨት ይሆናል። ወርቹና አንገቱ ብዙ ጅማት አላቸው፤ ቀይ ወጥ ውስጥ ሦስት ሰዓት በዝግታ ይቀመጡ፣ ጅማቱ ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል። ታፋው ቋንጣ ነው። ስብ የሌለው ሥጋ ስለሆነ ለቋንጣ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጥቂት ፍሪዘር ውስጥ ጠንከር ካለ በኋላ ዘልዝለው፣ ጨውና በርበሬህን እሸው። ገመድ ላይ ከመስቀልህ በፊት ግን ኦቨን ውስጥ ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቀው። ሳይሞቅ ቀስ ብሎ የደረቀ ሥጋ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች እየደረቁ ይጠነክራሉ፣ በኋላ ሙቀት አይደፍራቸውም። ጉበቱን ሰጥቶህ ከሆነ ለዱለት አታስበው፤ የአጋዘን ጉበት ውስጥ ትሎች ብርቅ አይደሉም።

ስለ ስሙ አንድ ነገር። ልማድ ሆኖ ሁላችንም አጋዘን እንለዋለን፣ እኔም ከላይ ጀምሬ እያልኩ ነው። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ግን ቀንዱ ተጠማዞ የሚያድግ፣ ዕድሜ ልኩንም የማይጥለው እንስሳ ነው። ይኼ ዋይትቴይል የሚሉት ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ የሚያበቅል፣ ኢትዮጵያ ዱር ውስጥ ዘመድ የሌለው ሌላ ዘር ነው። ይበላል አይበላም ለሚልህ፣ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳም ነው። በጥይት የወደቀውን፣ ተባርኮ ያልታረደውን መብላት ለሚከብደው ግን መልሱ ከንስሐ አባቱ እንጂ ከሉካንዳ አይመጣም። ሙስሊም እንግዳም ካለህ ከየት እንደመጣ ሳትነግረው አታቅርብለት። ደግሞ ለጎረቤት መስጠት ትችላለህ፣ መሸጥ ግን ክልክል ነው፤ «ለምግብ ቤቱ ልግዛህ» የሚል ወዳጅ አይጠፋምና ከወዲሁ እወቀው። አዳኙ እንስሳውን ሲያስመዘግብ የተሰጠውን የማረጋገጫ ቁጥርም ተቀበልና ጽፈህ ከሥጋው ጋር አስቀምጥ።

ጭንቅላቱን የመጨረሻ ሥራ አድርገው፣ ለእሱም ሌላ ቢላዋ ያዝ። ጓደኛህ ቀንዱን ካልፈለገው ከአንገቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አስከትለህ በሁለት ከረጢት ቋጥረውና ወደ ምርመራ ይሂድ፤ የሚታየው ከጉሮሮው ኋላ ያለው ንፍፊት ስለሆነ ያንን ቦታ አትንካው። የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የት እንደሚቀበሉህ ታገኛለህ። አከርካሪውንና የተረፈውን አጥንት ጫካ ወስደህ አትጣል፣ በሁለት ከረጢት ወደ ቆሻሻ ይሂድ። ቢላዋዎቹን መጀመሪያ በሳሙና አጥበህ ሥጋ የሚባል እንዳይቀርባቸው ካደረግህ በኋላ ሁለት እጅ በረኪና ከሦስት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለህ 5 ደቂቃ ዘፍዝፋቸው፤ ፕሪዮኑን ከብረት ላይ የሚያጠፋው ይኼ ነው። በረኪናው ብረት ይበላልና ወዲያው በውኃ ለቅልቅ።

ሥጋውን ለአንድ ምግብ በሚበቃ መጠን ከፋፍለህ አየር እንዳይቀር አጥብቀህ ጠቅልል፣ ብልቱንና ቀኑን ጻፍበት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሲየስ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ አስቀምጠው። የተፈጨው በሦስት አራት ወር ይለቅ፤ ሙሉው ወደ ዓመት ይቆያል። ጭቅናውንም ጨምረው፤ ዛሬ ብሉት ያላልኩህ ለዚህ ነው፣ የምርመራው ውጤት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ለነገሩ የጠመንጃው አደን የሚከፈተው የነቢያት ጾም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ ምናልባት ከጾም በፊት አንድ እሑድ ቢያመልጥህ ነው። ኅዳር 15 ከገባ በኋላ እስከ ገና ስድስት ሳምንት ያህል አለህ፣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ውጤቱን ይጠብቃል። ውጤቱ ካልደረሰ ለገና ዶሮ ግዛ።